በከተማ መካከል ከዕውቀት የራቁ ልጃገረዶች
ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ምን እናስተምር? በማንስ በኩል?

ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ሲነገር ብዙዎቻችን አስቀድመን በዓይነ ኅሊናችን የምንስለው መንገድ ያልገባለትን የገጠር ቀበሌና በቃሬዛ ተሸክመው የሚያወርዷትን ወላድ ነው። ሥዕሉ እውነት ነው፤ በዚያ በኩል ገና ብዙ ሥራ ይቀራል። በዚህ እትም ግን ወደ ቅርብ እንመልከት። በአዲስ ከተማ፣ በልደታ፣ በጉለሌና በኮልፌ ሠፈሮች፣ እንዲሁም በክልል ከተሞች የተጨናነቁ መንደሮች ውስጥ፣ ጤና ጣቢያው የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ሆኖ ሳለ ስለ ገዛ አካላቸው አንዲት የተጣራች ቃል ከማንም ሳይሰሙ ለአካለ መጠን የሚደርሱ ልጃገረዶች አሉ። የእነዚህ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም። ከቤት እንዲወጡ የሚፈቅድላቸው፣ ለምክር የምትተርፍ ሰዓት የሚሰጣቸውና በሚገባቸው ቋንቋ የሚነግራቸው ሰው አለማግኘታቸው ነው ያራቃቸው።

የሥነ ተዋልዶ ጤና ማለት የወሊድ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን አንባቢያን ያውቃሉ። ከመጀመሪያው የወር አበባ ጀምሮ፣ ከአባላዘር በሽታ መጠበቅን፣ በአካል ላይ ከሚደርስ ጥቃት መዳንን፣ ጤናማ እርግዝናንና የማኅፀንን ደኅንነት እስከ እርጅና ድረስ የሚያካትት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከጋብቻ በኋላ ይጀመር የሚለው አስተሳሰብ ከመነሻው ዘግይቷል።

ቁጥሮች እዚህ ላይ ሊያዘናጉን ይችላሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል የወለዱ ወይም ያረገዙት በአገር አቀፍ ደረጃ 13 ከመቶ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን 3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ይህን የተመለከተ ሰው ከተማው ችግሩን ፈትቷል ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ይኸው ጥናት ስለ ኤች አይ ቪ መከላከያ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ሴቶች 24 ከመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 39 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች ላይ ብቻ በተደረገው የኤች አይ ቪ ጥናትም፣ ከ15 እስከ 64 ዓመት ባሉት የከተማ ነዋሪዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘባቸው ሴቶች 4.1 ከመቶ፣ ወንዶች 1.9 ከመቶ ነበሩ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የሴቷ ዕውቀት ከወንዱ ያነሰ፣ ሸክሟ ግን ከእርሱ የከበደ ሆኖ እናገኘዋለን።

እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው?

ከሁሉ ይልቅ የምናስባቸው ከገጠር በዘመድ ወይም በደላላ አማካይነት የመጡትን የቤት ሠራተኞችና ሞግዚቶች ነው። በየመንገዱ ዳር ጀበና ቡና የሚያፈሉት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ እንጀራ የሚጋግሩት፣ በጋራ ተከራይተው በአንዲት ክፍል የሚያድሩትም ከእነርሱ አይለዩም። ለአንዲት ልጃገረድ ዕውቀት የሚገባባቸው በሮች በተለምዶ ሦስት ናቸው፤ እናት፣ ትምህርት ቤትና እኩያ ጓደኛ። የቤት ሠራተኛዋ እናቷን በአገር ቤት ትታ መጥታለች። የማታ ትምህርት ብትጀምርም ድካምና ሥራ ያቋርጧታል። ጓደኛ የምታገኘው ወፍጮ ቤት ወይም ሱቅ ስትላክ ነው፤ ያቺም ጓደኛ የምታውቀው እርሷ የምታውቀውን ያህል ነው።

ልዩነቱን በግልጽ ለማየት በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሁለት የ14 ዓመት ልጆችን እናስብ፤ አንዷ የቤቱ ልጅ፣ ሌላዋ ሠራተኛዋ። (በዚህ ዕድሜ ተቀጥራ መገኘቷ ራሱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ካስቀመጠው የ15 ዓመት ዝቅተኛ የቅጥር ዕድሜ በታች ስለሆነ ሊያሳስበን ይገባል።) የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያስከትለውን ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በመጀመሪያም የታሰበው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። ዋና መስጫ ስፍራው ትምህርት ቤት ነው። የቤቱ ልጅ ደብተሯን ይዛ ሄዳ ተከትባ ትመለሳለች፤ ምሳዋን የቋጠረችላት እኩያዋ ግን ክትባቱ መኖሩንም አትሰማም። የማኅፀን በር ካንሰር ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚገለጥ በሽታ በመሆኑ፣ የዛሬው መዘለል የሚታወቀው ልጅቱ የልጆች እናት ስትሆን ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች በሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠረው ይህ ነው። ስለዚህ ልጁን ለክትባት የሚልክ ወላጅ ሁሉ በዚያው ዕለት ስለ ሠራተኛዋም ጤና ጣቢያውን ሊጠይቅላት ይገባል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ እናቶች ደግሞ ቅድመ ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል፤ ምርመራው አጭር ነው፣ ለውጥ ቢገኝም በጊዜው ይታከማል።

ሕጉም ቢሆን እነዚህን ልጆች በሚገባ አይሸፍናቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። የቤት ውስጥ ሥራ ግን ከዚህ አዋጅ የተፈጻሚነት ወሰን ውጭ ነው። በመሆኑም ያረገዘች የቤት ሠራተኛ ሆዷ ሲታይ ከሥራዋ ብቻ ሳይሆን ከማደሪያዋም በአንድ ቀን ትወጣለች። እርግዝናዋን በመቀነት አጥብቃ እስከ ስድስትና ሰባት ወር የምትደብቀው ስለዚህ ነው።

ከወር አበባ እንጀምር

ትምህርቱን ከኤች አይ ቪ ወይም ከእርግዝና የጀመርን እንደሆነ ልጅቱ በኀፍረት ጆሮዋን ትዘጋለች። ከወር አበባ ብንጀምር ግን የዕለት ችግሯን ስለምንነካ ራሷ ትጠይቃለች። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ደም ያዩት ቆሰልሁ ወይም ታመምሁ ብለው በድንጋጤ ነው። የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። በወጣትነት ዕድሜ ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ከ21 እስከ 45 ቀን ሊደርስ ይችላል፤ መዘበራረቁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተለመደ ነው። ከሰባት ቀን በላይ የሚፈስስ ከሆነ፣ ሞዴሱ በየሰዓቱ የሚርስ ከሆነ፣ ሕመሙ ከሥራና ከእንቅልፍ የሚከለክል ከሆነ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ገና ካልመጣ ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ሞዴስ መግዛት ያልቻለች ልጅ ጨርቅ ትጠቀማለች፤ በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። አስቸጋሪው ማድረቁ ነው። አሥር አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ይህን ጨርቅ በገመድ ላይ ማስጣት ነውር ሆኖ ስለሚታይ፣ ልጅቱ እርጥቡን ከፍራሽ ሥር ወይም ከሣጥን ኋላ ትሸሽገዋለች። በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጨርቅ ደኅና ነው፤ በጨለማ የሻገተው ግን ሕመም ያመጣል። ከላይ ነጠላ ወይም ሻሽ ሸፍኖ ማስጣት ይቻላል። አሠሪዎችም ለወር ፍጆታ ሳሙናና ዘይት ሲገዙ ሞዴስ አብረው ቢገዙ፣ ልጅቱ ሳትጠይቅ በመደርደሪያዋ ላይ ብታገኘው፣ ብዙ ቃል ሳያስፈልግ ብዙ ነገር ያስተምራል።

እዚህ ላይ ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የሚጠነቀቁበት ነገር አለ። በወር አበባ ጊዜ ከቤተ መቅደስ ውጭ መቆም ሥርዓት ሆኖ የሚጠበቅ ነው፤ ምክንያቱን ያልተማረች ልጅ ግን ተረግሜአለሁ ወይም ርኩስ ሆኛለሁ ብላ ትደመድማለች። አካሏን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን፣ የወር አበባም በሽታም ኃጢአትም አለመሆኑን በግልጽ ሊነግራት የሚገባው ሥርዓቱን የሚያስጠብቃት አባት ነው።

የደም ማነስን ነገር እናክል። በተጠቀሰው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 ከመቶ የደም ማነስ ነበረባቸው። የቤት ሠራተኛዋ ከሁሉ በኋላ የምትበላ፣ ያውም ከድስቱ የተረፈውን የምትጠራርግ ናት። ራስ ማዞር፣ ቶሎ መድከም፣ የዓይን ቆብ ውስጥ መንጣት ሲታይ ስንፍና ብለን እንዳንፈርድባት። በጾም ወራት ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ከሎሚ ወይም ከቲማቲም ጋር ቢበሉ በውስጣቸው ያለው ብረት ለሰውነት ይስማማል፤ ምግብ እንደተበላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ብረቱን እንዳይገባ ያደርገዋል። ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ ብንል የሚከፋ ይኖራል፤ ቢሆንም እንላለን።

ስለ ቀን አቆጣጠር በሠፈር የሚነገረው ነገር ከሁሉ ይልቅ ጉዳት ያደርሳል። የወር አበባ ካበቃ በኋላ ያለው አንድ ሳምንት ለማንም ሴት አያሰጋም የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። እንቁላል የምትለቀቀው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ያህል አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ዑደቷ 28 ቀን የሆነች ሴት በ14ኛው ቀን አካባቢ፣ 35 ቀን የሆነች በ21ኛው፣ 24 ቀን የሆነች ግን በ10ኛው ቀን አካባቢ ለመፅነስ ትደርሳለች። የወንዱ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። የመጨረሻዋ ሴት ደሟ በስድስተኛው ቀን ቢያበቃ፣ አያሰጋም ከተባለላት ሳምንት አብዛኛው የመፅነሻዋ ጊዜ ነው። ባለትዳሮች በተፈጥሮአዊው መንገድ ልጆቻቸውን አራርቀው ለመውለድ ሲያስቡም ይህን ስሌት ከባለሙያ ጋር ሆነው ለራሳቸው ዑደት መሥራት ይኖርባቸዋል እንጂ ከጎረቤት የሚዋሱት አይደለም። ከአንድ ወሊድ በኋላ ለቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወራት መቆየት ለእናትም ለልጅም እንደሚበጅ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ከፋርማሲ የሚገዛው፣ በተለምዶ ፖስት ፒል የሚባለው ክኒን ሌላው መሳሳቻ ነው። ለድንገተኛ ጊዜ የተዘጋጀ እንጂ የዘወትር መድኃኒት አይደለም፤ እርግዝና ከጀመረ በኋላ አይሠራም፤ ከኤች አይ ቪና ከአባላዘር በሽታ ፈጽሞ አይከላከልም። ልጃገረዶች ይህን ከመደብሩ ባንኮኒ በጥድፊያ ከሚሰሙ ከጤና ባለሙያ ተረጋግተው ቢሰሙት ይሻላል።

ብርድ የተባለው ሁሉ ብርድ አይደለም

ከእምብርት በታች የሚሰማ ሕመም፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲኖር ብርድ መታኝ ማለት የተለመደ ነው። ስሙ ለስላሳ ስለሆነ አያሳፍርም፤ ለዚህም ነው የሚወደደው። ነገር ግን ከዚህ ስም በስተጀርባ ጨብጥ ወይም ሌላ አባላዘር በሽታ ሊሸሸግ ይችላል። ሳይታከም የቆየ እንደሆነ ወደ ማኅፀንና ወደ ዘር ቱቦዎች ወጥቶ መካንነትን ያስከትላል። አንዳንዱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይህን ያደርጋል። ከፋርማሲ ሁለትና ሦስት ፍሬ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ሕመሙን ያስታግስ ይሆናል እንጂ በሽታውን አያወጣውም።

የኤች አይ ቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱም እንዲሁ። ያለ ሕክምና ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 ከመቶ ሲሆን፣ በሕክምና ግን ከ5 ከመቶ በታች ይወርዳል። ጠበል ስለምጠመቅ መድኃኒቱን ላቁም የምትል ልጅ ብትገጥመን፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በይፋ ማስተማራቸውን እናስታውሳት። ይህን ከነርስ አፍ ከምትሰማው ከንስሓ አባቷ አፍ ብትሰማው ልቧ ይበልጥ ያርፋል።

የእርግዝና ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጀመር፦ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት ገንዘብ አይጠየቅባቸውም። ብዙዎቹ ልጃገረዶች የሚቀሩት ከየት አመጣለሁ ብለው ነው። ክትትሉ ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመርና እስከ ወሊድ ስምንት ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው። ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ከጋረዳት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት፣ የሽርት ውኃዋ ያለ ጊዜው ከፈሰሰ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ሌሊትም ቢሆን መሄድ አለባት። ነፍሰ ጡር በጾም ራሷን እንዳትጎዳ የንስሓ አባቷ ሊፈቅዱላት እንደሚችሉ ማወቅ ይኖርባታል፤ ሳትጠይቅ በፍርሃት የምትጾም አለችና። በስውር፣ ባለሙያ ባልሆነ ሰው እጅ ጽንሷን ያቋረጠች ልጅ ትኩሳት፣ የማያቆም ደም ወይም የሆድ ሕመም ሲያገኛት ፍርድ ፈርታ በቤት እንዳትቀር እንንገራት። ሕይወቷን ማትረፍ የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ ንስሓውም የሚሆነው በሕይወት ስትኖር ነው።

ስለ መደፈር መናገር ይከብዳል፤ ነገር ግን ሰዓት የሚቆጠርበት ጉዳይ ስለሆነ መዝለል አንችልም። ጥቃቱ አንዳንዴ ከአሠሪው ቤት ውስጥ፣ ከወንድ ልጅ ወይም ከዘመድ፣ ወይም ከደላላው ማደሪያ ይመጣል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከለው እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ልጅቱ ከመታጠቧና ልብሷን ከማጠቧ በፊት ወደ ሆስፒታል ብትሄድ ማስረጃው አይጠፋም። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ የፖሊስና የሕግ ድጋፉ፣ ምክሩም በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ክፍል አለ። ይህን ምስጢር በመጀመሪያ የሚሰማው ብዙ ጊዜ የንስሓ አባት ነው። ምስጢሩን ጠብቆ፣ ያኔውኑ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና እንድትሄድ መምከር ግን የምስጢር ማፍረስ አይደለም። ታገሺ፣ ዝም በይ የተባለች ልጅ ሦስቱ ቀናት በትዕግሥቷ ውስጥ ያልፉባታል።

በማን በኩል?

በዚህ ረገድ ከአገራችን የሚጠቀስ አብነት አለ። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስቴር ከፖፑሌሽን ካውንስል ጋር ያካሄደው ብሩህ ተስፋ የተባለ መርሐ ግብር፣ በድኻ የከተማ ሠፈሮች የሚኖሩና ከትምህርት ቤት ውጭ የሆኑ ልጃገረዶችን ይሰበስብ ነበር። ልጆቹ እስኪመጡ አልጠበቀም። ከዚያው ሠፈር የተመረጡ በዕድሜ የበሰሉ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ በር አንኳኩተው በዚህ ቤት ስንት ልጃገረድ አለች ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ሠራተኛ ካለችም አሠሪዋን አነጋግረው ፈቃድ ያገኙላት ነበር። ከዚያም በየቡድኑ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ስለ ጤናቸው ይማራሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። የዚህ አሠራር ቁልፉ በሩን ማንኳኳቱ ነው ብለን እናምናለን። በድምፅ ማጉያ የሚነገር ትምህርት እንዲህ ያለችውን ልጅ አያገኛትም፤ ሰልፍና ስብሰባ ላይ የምትገኘው ጊዜ ያላት ናትና።

አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሥራ የሚበቃ ብዙ ነገር በእጇ አለ። የንስሓ አባት የቤቱን ሁሉ ቁጥር ያውቃል፤ ጠበል ሊረጭ ሲገባ ሠራተኛዋንም ያያታል። የእናቶች የጽዋ ማኅበርና የሴቶች እድር ወር በወር ይሰበሰባሉ፤ አሠሪዎቹም ብዙዎቹ በዚያ አሉ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየቀጠናው ተመድባለች፤ ብትጋበዝ ትመጣለች። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኝ ሰው ነው።

አሠሪዋን ስናነጋግር በወቀሳ አንጀምር። ልጅቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሰዓት ብታገኝ ብለን እንጠይቅ። ልጆቻቸውን የምታሳድግላቸውና ምግባቸውን የምታበስልላቸው ሰው ጤናማ መሆኗ ለቤቱም እንደሚበጅ እናስረዳ። ሰዓቱም ቋሚ ይሁን፤ እትዬ ዛሬ ልሂድ ወይ ብላ በየሳምንቱ የምትለምን ከሆነ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ትቀራለች። ቡድኑ ከ15 ባይበልጥ፣ አስተማሪዋ ሴት ብትሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ስለ ወር አበባና ስለ ምግብ ብቻ ብንነጋገር፣ አስጨናቂውን ክፍል ልጆቹ ሲላመዱ ብናመጣው መልካም ነው። ማንበብ ለማይችሉት በሥዕልና በቃል እናስተምር፤ የጤና ጣቢያውን በር ደግሞ አንድ ቀን አብረን ሄደን እናሳያቸው። ካርድ ክፍል የት እንደሆነ፣ ለክትትል የመጡ የት እንደሚቀመጡ፣ በስውር ሊጠይቁ የሚፈልጉ ለማን እንደሚናገሩ በዓይናቸው ያዩ እንደሆነ ሲቸገሩ ብቻቸውን ይሄዳሉ።

የቤቱ ወንዶች ልጆችና በየጋራዡ፣ በየወያላነቱ የሚሠሩት ወጣቶች ሊማሩት የሚገባቸው ሰፊ ነው፤ ያለ እነርሱ ይህ ትምህርት ግማሽ ስለሆነ በሚቀጥለው እትም ለብቻው እንመለስበታለን። እስከዚያው ድረስ በአጥቢያችሁ ያሉትን የቤት ሠራተኞች ቁጥር ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ሆናችሁ ብትመዘግቡልን፣ የጤና ባለሙያዎችን ስንመድብ ይረዳናል።